ጆሮ ዳባ ልበስ

ዴልበርት ሃግሉንድ የመስሚያ መሣሪያውን ከጆሮው አውጥቶ ደረት ኪሱ ሲከት ስንቴ እንዳየሁት አልነግራችሁም። ባሌ አርቪድ በሴኔቱ አዳራሽ ለመናገር ብድግ ባለ ቁጥር ነው የሚያወጣት። ቀስ ብሎ፣ ሰው ሁሉ እያየው፣ ትንሿን ፕላስቲክ በሁለት ጣቱ ይዞ ወደ መብራቱ ከፍ ያደርጋታል፤ ከዚያ ኪሱ ይከታታል። አዳራሹ በሳቅ ይፈርሳል። አርቪድ ራሱ አብሮ ይስቃል። እኔ ግን ላይ ሰገነቱ ላይ ተቀምጬ ሹራቤን እየሠራሁ ደሜ ይፈላል። ሰው እያናገረህ ጆሮህን አውልቀህ ኪስህ ስትከት ምኑ ነው የሚያስቀው? እስቲ ንገሩኝ!

አርቪድ ኔስቪክና እኔ፣ ማርዴል፣ ስንዴና ሱፍ የምናመርት ገበሬዎች ነን። ምክር ቤቱ በሚሰበሰብበት በበረዶው ወራት ግን እርሻውን ለእህቴ ልጅ ትተን ዋና ከተማው እንመጣለን፤ ከምክር ቤቱ ሕንፃ ፊት ለፊት ሁለት ክፍል እንከራያለን። አርቪድ ዴሞክራት፣ ዴልበርት ሪፐብሊካን ናቸው። መሬታቸው ግን ይዋሰናል። ሁለቱ ሲጨቃጨቁ ነው የሸበቱት፤ እኔም እነሱን ስሰማ ሸበትኩ።

ዋናው ጣጣ የሕክምናው ሕግ ነው። መድን የሌለው ሰው፣ ላም አላቢውም በሉት፣ መኪና ጠጋኙም፣ የምግብ ቤት አስተናጋጇም፣ ሲታመም ክፍለ ግዛቱ መድን ይግባለት የሚል ነው። አርቪድ ይህን ሕግ ያልያዘበት ስብሰባ አላስታውስም። በየስብሰባው ያቀርበዋል፣ በየስብሰባው ይጥሉበታል። ከጣዮቹ ፊት ማን ቢኖር ጥሩ ነው? ዴልበርት!

ዴልበርት እንዲህ ይላል፦ «እኛ አገር ሰው ሲታመም ጎረቤት አለው። የፓንኬክ እራት እናዘጋጃለን፣ በሩ ላይ ባልዲ እናስቀምጣለን፣ የቻለ የቻለውን ገንዘብ ይጥላል። መንግሥት እጁን ሲያስገባ ጎረቤት እጁን ያወጣል።» ለአፉ ብቻ ደግሞ አይደለም። እሳት አደጋ ጣቢያው ውስጥ እራት በተዘጋጀ ቁጥር ሽርጡን አስሮ ፓንኬኩን የሚገለብጠው እሱ ነው፤ የኛ ወገን ሰው ሲታመም እንኳ።

አንድ ቀን አርቪድ ተነስቶ፦ «ዴልበርት፣ ፓንኬክህን እወደዋለሁ» አለው። «ግን ማንም የማይወደው ሰው ሲታመም እራቱን ማን ያዘጋጅለታል?»

መስሚያዋ ኪሱ ውስጥ ነበረች። በእግዜር ስም፣ ስትገባ በዓይኔ አይቻለሁ። ዴልበርት ግን ቀና ሳይል «እኔ!» ብሎ መለሰ። አዳራሹ በሳቅ አወካ። ገምቶ ይሁን፣ ወይ ጭራሽ ደንቆሮ ያልሆነ ይሁን፣ ያኔ አልገባኝም። እንደ ቀልድ አልፌው ሹራቤን ቀጠልኩ።

ያለፈው ክረምት፣ ማለቴ ያ የበረዶ ወቅት፣ የአርቪድ ልብ ደከመ። ሆስፒታል ተኝቶ ወጣ፤ ሐኪሙ እኔን ብቻ ኮሪደር ላይ ጠርቶ፣ «ከአልጋ እንዳይወርድ። ደረጃ አንድ ጊዜ ቢወርድ ላይመለስ ይችላል» አለኝ። ልክ በዚያው ሳምንት፣ ስንት ዓመት ሙሉ ሲጣል የኖረው ሕግ ሊያልፍ ደረሰ! ልዩነቱ የአንድ ሰው ድምፅ ሆነ። ያ አንድ ሰው ደግሞ የኔ ባል ነው። እሱ ካለ ያልፋል፣ እሱ ከሌለ እኩል ለእኩል ይሆንና ይወድቃል።

ትሬቨር የሚባል ልጅ አለ፤ የኛን ወገን ድምፅ የሚሰበስበው እሱ ነው። ጥሩ ልጅ ነው፣ ችኩል ነው እንጂ። መጣና አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠ።

«ሴናተር፣ ነገ አምቡላንስ እናመጣለን። በቃሬዛ እናስገባዎታለን፣ ኦክስጅኑ አብሮ ይገባል። ‹አዎ› ማለት ብቻ ነው የሚጠበቅብዎ።»

«እሺ» አለ አርቪድ።

«ምን እሺ ትላለህ!» አልኩ። «አንተ ልጅ፣ ሰውዬውን ለአንዲት ‹አዎ› ልትገድልብኝ ነው? መጀመሪያ እኔን ግደሉኝ!»

«ማርዴል» አለ አርቪድ፣ ትንፋሹ እየተቆራረጠ፣ «ዕድሜ ልኬን የለፋሁበት ነው።»

«እኔስ? እኔስ ዕድሜ ልኬን የለፋሁት በምን ላይ ነው?»

ትሬቨር ኮፍያውን አንስቶ ወጣ። እኔ ወጥ ቤት ገብቼ በሩን ዘጋሁና አለቀስኩ።

ማልቀሴን ሳልጨርስ በሩ ተንኳኳ። ስከፍተው ዴልበርት ሃግሉንድ ቆሟል። በረዶ ቆቡ ላይ፣ በፎጣ የተጠቀለለ መጋገሪያ እጁ ላይ። ሆትዲሽ ነው፤ የተፈጨ ሥጋና የእንጉዳይ ሾርባ ከታች፣ የተጠበሰ ድንች ከላይ። በኛ ዘንድ ሰው ሲታመምም ሲሞትም የሚመጣው ይኸው ነው። ከመጋገሪያው ሥር በፕላስተር «ሃግሉንድ» ተብሎ ተጽፎበታል፣ ሳትመልሺው እንዳትቀሪ ለማለት።

«ምን ሆነህ መጣህ?» አልኩት።

«ላንቺ አልመጣሁም። ለሱ ነው። ጥንድ ልሆነው ነው የመጣሁት።»

«የምን ጥንድ? ካልሲ ነህ እንዴ?»

ከመኝታ ቤት አርቪድ ሲስቅ ሰማሁት። ሲስቅ ደግሞ ሳሉ ይነሳበታል፤ ሁለታችንም ሮጥን። ውሃ አጠጣሁት። ዴልበርት ቆቡን አውልቆ አልጋው አጠገብ ቆመ፤ መስሚያዋ ጆሮው ላይ ነበረች።

«ማርዴል፣ ጥንድ የድሮ ሰዎች ወግ ነው» አለኝ አርቪድ። «አንዱ ታሞ ሲቀር፣ ከወዲያኛው ወገን ተቃራኒውን የሚመርጥ ሰው ጥንድ ይሆነውና የራሱን ድምፅ ሳይሰጥ ይይዝለታል። እኔ ስቀር ‹አዎ› ትጎድላለች፣ እሱ ዝም ሲል ‹አይ› ትጎድላለች። ሁለታችንም የተገኘን ያህል ነው።»

«ታዲያ ሕጉ ሊያልፍ ነዋ!»

«ያልፋል» አለ ዴልበርት፣ መድኃኒት እንደዋጠ ሰው ፊቱን አጨማዶ።

«አንተ ምን ታገኛለህ?»

«ምንም።»

«ምንም የማያገኝበትን ነገር ሰው ለምን ያደርጋል?»

ሁለቱ ሽማግሌዎች ተያዩ። እኔን ደግሞ ቂል እንደሚያይ ሰው አዩኝ፤ ደግሞ ተናደድኩ። ዴልበርት ጉሮሮውን ጠረገ።

«ሕጉ መጥፎ ሕግ ነው» አለ። «ዛሬም መጥፎ ነው፣ ነገም መጥፎ ነው። ግን ሰውዬው አልጋ ላይ ስለወደቀ ማሸነፍ ደስ አይለኝም። አለቀ።»

አርቪድ እጁን ዘረጋለት። ተጨባበጡ። ከዚያ አርቪድ እጁን ሳይለቀው፣ «አንድ ነገር» አለ። «ጥንድ በሕይወት ላለ ሰው ነው። ከድምፁ በፊት ከሞትኩ ቃልህ ፈርሷል፣ ‹አይ› ትላለህ።»

«እሱን ሲደርስ እናየዋለን።»

«አናየውም። ማርዴል ትነግርሃለች። ማርዴል፣ ቃል ግቢልኝ። ዴልበርትን በሬሳ እንዳታታልሉብኝ።»

«ዝም በል፣ ሟርተኛ!» አልኩት።

«ቃል ግቢልኝ።»

ገባሁለት። ምን ላድርግ? ዴልበርት ወጥቶ ሲሄድ እንኳ ምን እንደሆነ አልገባኝም ነበር። ዘመኑን ሁሉ ባሌን ሲያሾፍበት የኖረ ሰው፣ ሆትዲሽ ይዞ መጥቶ ድምፁን ሰጥቶት ሄደ። ወጥመድ ነው አልኩ። አርቪድን ቤት አስተኝቶ ነገ ብድግ ብሎ «አይ» ሊል ነው። ትሬቨር ማታ ስልክ ሲደውል የጥንዱን ነገር ነገርኩት፤ የሱም ሐሳብ እንደኔው ሆነ።

«ወይዘሮ ኔስቪክ፣ ይሄ እኮ የተረሳ ነገር ነው! ደንቡ ውስጥ የለም። ሽማግሌው ቃሉን ቢበላ ማን ይጠይቀዋል? አምቡላንሱ ይምጣ።»

«አይመጣም።»

«አመኑት ማለት ነው?»

«ማንንም አላመንኩም! ባሌን ከአልጋው አታወርዱትም ነው የምልህ!» ብዬ ዘጋሁበት። እውነቴን ነው፤ ዴልበርትን አላመንኩትም። ለአርቪድ አንድ ቀን ይጨመርልኝ እንጂ ሕጉ ገደል ይግባ ብዬ ነው።

ያ አንድ ቀን አልተጨመረልኝም።

ጠዋት ፈገግ ብሎ ነቃ። ለቁርስ ሆትዲሽ አምጪ አለኝ። ሁለቴ ጎረሰና ሹካውን አስቀመጠ። «ጨው በዝቶበታል። ንገሪው» አለ። ከዚያ ስብሰባውን በሬዲዮ ሊሰማ ነውና ሸሚዝ አልብሺኝ አለ፤ አለበስኩት። «ክራባቴንም» አለ። ዳክዬዎች ያሉበት አረንጓዴ ክራባት አለው፤ ትልቅ ድምፅ በሚሰጥበት ቀን ሁሉ እሱን ነው የሚያስረው፤ ዴልበርት «ዳክዬዎቹ ዛሬም መጡ» እያለ ይቀልድበታል። ቁም ሳጥኑ ውስጥ ጠፋብኝ፣ አገላበጥኩ፣ ካፖርት ኪስ ውስጥ አገኘሁት። ይዤ ስመለስ አርቪድ የለም። ሸሚዙን እንደለበሰ፣ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዙሮ፣ የለም።

ጠራሁት። ጉንጩን መታ መታ አደረግሁት። ተናደድኩበትም፤ ክራባት አምጪ ብሎ ልኮኝ! አጠገቡ ተቀምጬ እጁን ያዝኩ፣ ምን ያህል እንደቆየሁ እንጃ። ሬዲዮው ስብሰባው ሊጀመር ነው ሲል ነው የባነንኩት። ቃል ግቢልኝ ያለኝ ትዝ አለኝ። ዓይኑን ከደንኩለት፣ ግንባሩን ሳምኩት፣ «መጣሁ» አልኩት፤ ለሞተ ሰው መጣሁ ይባላል እንዴ? በቤት ጫማዬ በረዶውን አቋርጬ ወደ ምክር ቤቱ ሄድኩ።

ኮሪደሩ ላይ መጀመሪያ ያገኘኝ ትሬቨር ነው። እግሬን አየ፣ ፊቴን አየ።

«ወይዘሮ ኔስቪክ?»

«ሞተ» አልኩት።

ልጁ ግድግዳውን ተደገፈ። አለቀሰ፣ ከልቡ ነው ያለቀሰው፣ አልዋሽም። ከዚያ እንባውን በእጀታው ጠርጎ ዙሪያውን ቃኘና ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ለማን ነገሩ?»

«ላንተ። አሁን ለዴልበርት ልነግር ነው።»

«እባክዎ! ትንሽ ይቆዩ። ድምፅ ሊሰጥ ነው እኮ! ዕድሜ ልኩን የለፋበት ሕግ ነው። ትንሽ ዝም ቢሉ ማንም አይሞትም!» ይህን እንዳለ የተናገረው ራሱን አስደነገጠው፤ አፉን ያዘ።

እንግዲህ ፍረዱኝ። ሕጉም የአርቪድ፣ ቃሉም የአርቪድ። አንዱን ባከብር ሌላውን ልቀብር ነው። ዝም ልበል? ስንቱ ላም አላቢ፣ ስንቷ አስተናጋጅ በኔ ዝምታ ይታከማል። ልናገር? ባሌ የመጨረሻ የለመነኝ ይህን ብቻ ነው፣ እሱንና ክራባቱን። ክራባቱን አላደረስኩለትም። ግራ ገብቶኝ እዚያው እንደቆምኩ የአዳራሹ በር ተከፈተና ዴልበርት ወጣ።

ዓይኑ መጀመሪያ ያረፈው እጄ ላይ ነው። ክራባቱ እጄ ላይ ነበር፤ እንደያዝኩት እንኳ አላወቅሁም። ዳክዬዎቹን አያቸው። ከዚያ የቤት ጫማዬን አየ። ፊቴን ግን አላየም።

«ዴልበርት» አልኩት።

እጁን ወደ ጆሮው ሰደደ። ቀስ ብሎ መስሚያዋን አወጣ፣ በሁለት ጣቱ ይዞ ወደ መብራቱ ከፍ አደረጋት፣ ደረት ኪሱ ውስጥ ከተታት።

«ባትሪዋ አለቀች» አለ።

«ዴልበርት፣ አርቪድ ሞተ።»

«ምንም አይሰማኝም፣ ማርዴል።»

«ሞቷል! ቃልህ ፈርሷል! ንገሪው ብሎኛል፣ ይኸው ነገርኩህ!» ጮህኩ። በሩ ላይ የቆመችው ዘበኛ ሰማች፤ እጇን በአፏ ጫነች። ትሬቨር ሰማ። ኮሪደሩ በሙሉ የሰማ ይመስለኛል። እጅጌውን ይዤ ነቀነቅሁት። ዴልበርት ግን ጣሪያ ጣሪያውን እያየ ጆሮ ዳባ ልበስ አለ።

«አርቪድን ሰላም በይልኝ» አለኝ። «ከድምፁ በኋላ የምትይኝ ካለ ትነግሪኛለሽ።» እጄን ቀስ ብሎ ከእጅጌው አላቅቆ ገባ።

ደረጃውን እንዴት እንደወጣሁ አላውቅም፤ ሰገነቱ ላይ፣ የዘወትር ቦታዬ ላይ ራሴን አገኘሁት። ነገርኩት ወይስ አልነገርኩትም? ቃሌን ጠበቅሁ ወይስ አፈረስኩ? እሱስ ሰምቶ ነው ሳይሰማ? ሰምቶ ከሆነ ጨዋ ነው ወይስ ውሸታም? ከዚያ ያ «እኔ!» ያለበት ቀን ትዝ አለኝና ይባስ ተምታታብኝ።

ጸሐፊዋ ስም መጥራት ጀመረች። አዎ፣ አይ፣ አዎ፣ አይ። «ሃግሉንድ» አለች። ዝም። «ሴናተር ሃግሉንድ!» ጎረቤቱ በክርኑ ጎሸም አደረገው። ዴልበርት የጠረጴዛውን ጠርዝ ይዞ ተነሳ።

«ክቡር ሊቀ መንበር፣ ከሴናተር ኔስቪክ ጋር ጥንድ ነኝ» አለ። «ሴናተር ኔስቪክ ዛሬ ቢኖር ኖሮ ‹አዎ› ይል ነበር። እኔ ብመርጥ ‹አይ› እል ነበር። ድምፄን ይዣለሁ።»

ቢኖር ኖሮ! እዚህ አዳራሹ ውስጥ ቢኖር ነው፣ ወይስ በሕይወት ቢኖር? ድምፁ ሻከር ያለ መሰለኝ፤ ወይ የኔ ጆሮ ይሆናል። ከራሱ ወገን አንዱ «ዴልበርት፣ አብደሃል እንዴ?» ብሎ ጮኸበት። አልሰማውም። ወይም አልሰማሁም አለ። ተቀመጠና እጆቹን ጠረጴዛው ላይ አጣጠፈ፣ ጆሮው ባዶውን።

ሕጉ አለፈ። ታች ያሉት ተቃቀፉ፣ አጨበጨቡ፤ ትሬቨር ብቻ አላጨበጨበም፣ ወደ እኔ ቀና ብሎ እያየ ነበር። መደሰት ነበረብኝ መሰለኝ።

ዴልበርት የሰገነቱን ደረጃ እያለከለከ ወጥቶ አጠገቤ ተቀመጠ። ከዚያ እጁን ደረት ኪሱ ሰዶ መስሚያዋን አወጣ። መጀመሪያ አልገባ አለችው፤ ስትገባ ሲጥጥ ብላ ጮኸች፣ ሁልጊዜ ስትገባ እንደምትጮኸው። ባትሪዋ አላለቀችም ነበር።

«በይ ማርዴል» አለኝ፣ «አሁን እሰማሻለሁ።»

«አርቪድ ሞተ» አልኩት እንደገና፣ በዝግታ።

አንገቱን ደፋ። ትከሻው ሲንቀጠቀጥ አየሁት፤ አዲስ መርዶ እንደሰማ ሰው ነበር የሆነው። ቆይቶ ቀና ሳይል፣ «መቼ?» አለኝ።

አፌን ከፈትኩ። ለዚህ ሰው ዕድሜ ልኬን ያስቀመጥኩለት ስድብ ሁሉ ነበረኝ፤ አንዱም አልመጣልኝም።

«አሁን» አልኩት። «አሁን ነው።»

ራሱን ነቀነቀ። ክራባቱን ከእጄ ወሰደና ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ ዳክዬዎቹን በመዳፉ ዳሰሳቸው።

«ምን አለሽ? የመጨረሻ?»

«ሆትዲሽህ ጨው በዝቶበታል አለ።»

«እሱ ምን ያውቃል!» አለ ዴልበርት፣ ፊቱን በክራባቱ ሸፍኖ።